የማዕረጌ ቀን በአንድ ዓመት ተገፍቷል፤ ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ሰላም ነው አቦ? ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ተወልጄ ያደግሁ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነኝ፤ ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ ነው። ይህን ማዕረግ ያገኘሁት አብዬ ለሰላም ማስከበር በዘመትኩበት ጊዜ ነው። ደብዳቤው «ከኅዳር 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ» ይላል። ስመለስ ለእናቴ ሰጠኋት፤ እስካሁን ሳጥኗ ውስጥ ነው። በኋላ ለቀጣዩ ማዕረግ ስም ዝርዝር ሲወጣ፣ በአንድ ትዕዛዝ አብረውኝ ሃምሳ አለቃ ከሆኑት ውስጥ አገር ቤት የነበሩት ሲካተቱ እኔ «ቆይታህ ገና ነው» ተባልኩ። ተራዬ ይደርሳል ብዬ ዝም አልኩ። በቅርቡ ግን ማህደሬን ለሌላ ጉዳይ ሳስወጣ ማዕረጉን ያገኘሁበት ቀን «ጥቅምት 30 ቀን 2012» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ጸሐፊውን ስጠይቀው «ሲስተሙ የሚለው እሱን ነው» አለኝ። ጓደኞቼ «ዝም አይነቅዝም፣ ከአለቃ ጋር ነገር አትፈልግ» ይሉኛል። ባለቤቴ «አዲስ አበባ ሰው አለን፣ በእሱ በኩል ይለቅ» ትላለች። እናቴ ጡረታህን ሊበሉብህ ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ደግሞም ከእኔ በኋላ ማዕረግ ያገኘ ወዳጄ በዚህ ቀን ምክንያት ቀዳሚዬ ሆኗል፤ እሱን ላስቀይመው አልፈልግም። ምን ትመክረኛለህ?

ሃምሳ አለቃው፣ ከምሥራቅ

መልስ፦

ሃምሳ አለቃ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የክፍልህን ስምና ቁጥር፣ የአዛዥህንም ስም ከደብዳቤህ ላይ አውጥቻለሁ። ለእኔም ቢሆን መጻፍ አልነበረብህም። የጦር ክፍል አድራሻ ለዓምድ አዘጋጅ የሚላክ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያላችሁ ሌሎች የሠራዊት አባላትም ይህን ያዙልኝ።

ወደ ጉዳይህ ልግባ። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝና ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔን የያዘው «ጥቅምት 30» የሚለው ቀን ነው። እስቲ አስበው፤ በወር የመጨረሻ ቀን ማዕረግ ማን ይሰጣል? እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወር ሲብት እንዲጀምር ነው የሚጻፈው፤ ያንተም ደብዳቤ ኅዳር 1 የሚለው ለዚሁ ነው። ጥቅምት 30ን ሰው አስቦ አልጻፈውም፤ ስሌት የወለደው ቀን ነው። ስሌቱን ደግሞ ወደ ኋላ ሄደን ልናገኘው እንችላለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ።

ኅዳር 1 ቀን 2011 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 10 ቀን 2018 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው። እነሱ ጃንዋሪ 1 ላይ ዓመት ሲለውጡ ልዩነቱ 8 ይሆንና እስከ ጳጉሜን መጨረሻ እንደዚያው ይቆያል። ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው ግን 8ን ብቻ ነው፤ የዓመቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ትክክል ስለሚሆንለት የቀረውን አይጠረጥርም።

አንተ አብዬ ሳለህ የተልዕኮው ስም ዝርዝር በፈረንጅ ቀን ነው የሚዘጋጀው፤ የተባበሩት መንግሥታት ወረቀት የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። እንግዲህ ግምቴን ስማ። ያን ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው 2011 ላይ 7 መደመር ሲገባው 8 ደመረ። ማዕረግህ ኖቬምበር 10 ቀን 2019 የተሰጠ ሆኖ ተጻፈ። ወደ አገር ስትመለሱ ሌላ ሰው ያንኑ ቀን ከዝርዝሩ ላይ ወስዶ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው፤ እሱ ደግሞ አልተሳሳተም። ኖቬምበር 10 ቀን 2019 በእኛ ጥቅምት 30 ቀን 2012 ነው። «ታዲያ ለምን ኅዳር 1 ቀን 2012 አልሆነም?» ትለኝ ይሆናል። 2011 ጳጉሜን 6 ቀን የነበራት ዓመት ናት። በዚህ ምክንያት የ2012 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖችም እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ተገፉ። ማህደርህ ላይ ያለችው ያቺ የጎደለች አንዲት ቀን ናት ጠቅላላውን ነገር የምታጋልጠው። ሰው በእጁ «2011»ን በስህተት «2012» ብሎ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ኅዳር 1 ባልተነካ ነበር።

ለድሬ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሸመንደፈሩ፣ ማለትም የባቡሩ፣ ኩባንያ መጻጻፊያ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከዚያ ዘመን ጡረተኞች ጋር ቡና የጠጣ ሰው ስለ ቅጥር ቀን ወሬ ሲነሣ «በእነሱ ነው በእኛ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይሰማ አይነሣም። ዛሬ ጥያቄው የጠፋው ስልካችን ቀን የሚቀይር ስለመሰለን ነው። ስልክ የሚቀይረው የሰጡትን ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልህ ጉዳይህን የምታቀርብበት መንገድ ከዚህ ስለሚነሣ ነው። በልብህ «ማዕረጌን ከለከሉኝ» የሚል ነገር ካለ አውርደው። ማዕረግ የሚሰጠው አካል ሰጥቶሃል፤ ቀኑንም ቆርጦ ጽፏል። አሁን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝገቡ ትዕዛዙን ይምሰል። ዕድገት አትለምንም፣ የአዛዥን ውሳኔ አትሟገትም፣ ማንንም አትከስም። ዕድገት የሚጠይቅ ሰው ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል። በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው በደል አደረሰ የተባለው ወገን መልስ እስኪሰጥ ይጠብቃል። መዝገቤ ይታረም የሚል ሰው ግን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኸው» ይላል። ማመልከቻህ ውስጥ «ተበድያለሁ» የሚል አንድ ቃል ካስገባህ ፋይልህ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ እዚያ ወረፋው ረጅም ነው።

ለከፍተኛ መኮንኖች ይህ ችግር አይደርስም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት ከፍተኛ የውትድርና ማዕረጎችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ቀኑን አገር ያውቀዋል። የሃምሳ አለቃን ቀን የሚያውቁት ግን አንድ ትዕዛዝ፣ አንድ ማህደርና የእናትህ ሳጥን ናቸው። ስለዚህ ከሳጥኑ እንጀምር።

ድሬ ስትወርድ ደብዳቤውን አውጣና ሥራዬ ብለህ አንብበው። ብዙ ሰው የማዕረጉን ስም አይቶ ይደሰትና የቀረውን ሳያነብ ያጥፈዋል። ራስጌው ላይ የወጪ ቁጥርና የተጻፈበት ቀን አለ፤ ግርጌው ላይ ቲተር፣ ፊርማና ማኅተም አለ። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀንና ማዕረጉ የሚጸናበት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደብዳቤው በጥር ተጽፎ «ከኅዳር 1 ጀምሮ» ሊል ይችላል። ማመልከቻህ ላይ ሁለቱን እንዳታምታታ፤ ጉዳዩን የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚፈትሽህ እዚያ ላይ ነው። ከፊርማው በታች ያለውን «ግልባጭ» የሚለውንም አንብብ። እዚያ የተዘረዘሩት ክፍሎች በሙሉ የዚያ ደብዳቤ ቅጂ ደርሷቸዋል ማለት ነው። ያንተ ቅጂ ቢጠፋ እንኳ ትዕዛዙ የት የት እንደሚገኝ ያ መስመር ይነግርሃል። ደብዳቤው «በቁጥር ይህን በተባለ ትዕዛዝ መሠረት» የሚል ከሆነ ደግሞ ዋናው ሰነድ ስም ዝርዝር የተያያዘበት ትዕዛዝ ነው፤ በእጅህ ያለው የእሱ ልጅ ነው። ቁጥሩን በጥንቃቄ ገልብጥ።

ዋናውን ላሚኔት እንዳታስደርገው። ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ማኅተም ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ያስቸግራል፤ ወረቀቱንም መልሶ ማውጣት አይቻልም። ኮፒ አስደርግና ዋናውን ለማመሳከር ብቻ ይዘህ ሂድ፤ አሳይተህ ኮፒውን ስጥና ዋናውን ይዘህ ተመለስ። «ዋናውን ትተህ ሂድ» የሚል ካለ በትሕትና «እዚሁ ቆሜ ይመሳከርልኝ» በል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስበው ማስረጃ አለ። ደመወዝ። የኅዳርና የታኅሣሥ 2011 ፔሮል ላይ የማን ደመወዝ ነበር የሚከፈልህ፣ የቀድሞው ማዕረግህ ወይስ የሃምሳ አለቃ? የጡረታ መዋጮህን እይ። ከሠራዊቱ አባል ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ይጨምርበታል። በኅዳር 2011 ደመወዝህ ከፍ ብሎ ከሆነ ያ 7 በመቶም አብሮ ከፍ ብሏል። ይህ ማለት የማዕረጉ ቀን ኅዳር 1 መሆኑን የደመወዝ ክፍሉ በየወሩ ሲመሰክርልህ ኖሯል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር አታገኝም። ያንን ወረቀት ከደብዳቤው ኮፒ ጋር አያይዘው።

የደመወዙ ጭማሪ የጀመረው ከጥቅምት መጨረሻ 2012 በኋላ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ አለህ፤ የአንድ ዓመት ውዝፍ ክፍያ። እሱን አሁን አታንሣው። ቀኑ ከታረመ በኋላ የእርማቱን ደብዳቤ ይዘህ ለብቻው ትጠይቃለህ። ገንዘብ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር ከተቀላቀለ «በጀት» የሚባል ነገር ይነሣና ቀኑም አብሮ ይቆማል። ሆኖም ቀኑ እንደታረመ አትዘግይ፤ በገንዘብ ጥያቄ ላይ ይርጋ የሚባል የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ አለ፤ ዝም ባልክ ቁጥር ይቆጥራል። ጓደኞችህ «ዝም አይነቅዝም» ያሉህ ለዚህ አይሠራም።

ሁለት ነገር እንዳታደርግ። የመጀመሪያውን መናገር ባያስፈልግም እናገራለሁ፤ በእጅህ ባለ ማንኛውም ወረቀት ላይ ቀን አትንካ፤ ትክክለኛውን ቀን እንኳ ቢሆን በእስክሪብቶ አትጻፍበት። እውነት የያዘ ሰው ሰነድ ፍቆ በወንጀል ሕጉ ተጠያቂ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ሁለተኛው፣ ስም ዝርዝሩን በስልክ አንስተህ በቴሌግራም ለማንም አትላክ። እዚያ ላይ የሌሎች ወታደሮች ስም፣ ማዕረግና መለያ ቁጥር አለ። አንተ ስምህ ያለበትን መስመር ነው የምትፈልገው፤ እሱንም ክፍሉ ራሱ ከመዝገቡ አውጥቶ ያመሳክር።

አሁን ጸሐፊው ወዳለህ ነገር ልምጣ። «ሲስተሙ የሚለው እሱን ነው።» ልጁን አትቆጣው፤ እውነቱን ነው የነገረህ። ሲስተም ግን በራሱ ማዕረግ አይሰጥም፤ አንድ ሰው አንድ ወረቀት አይቶ ያስገባውን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ተመልሰህ ሂድና በእርጋታ ይህን ጠይቀው፦ «ይህ ቀን የተመዘገበው በየትኛው ሰነድ መነሻነት ነው?» ከጠቅላላው ምክሬ አንዱን ብቻ መያዝ የምትችል ብትሆን ይህን ጥያቄ ያዝ እልሃለሁ። መልሱ «በተልዕኮው ስም ዝርዝር» ከሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ይቻላል፤ ስም ዝርዝር ማዕረግ የሚሰጥ ሰነድ አይደለምና። መልሱ «በማዕረግ ትዕዛዙ» ከሆነ ትዕዛዙ ይውጣና አብራችሁ አንብቡት። መልሱ «አላውቅም» ከሆነም ጥሩ ነው፤ መነሻ የሌለው ቀን መነሻ ባለው ቀን ይሸነፋል።

ቀጥሎ ማመልከቻው። እኔን «አንተ» ማለትህ ደስ ይለኛል፤ ድሬ ያደገ ሰው አንቱታን በግድ ነው የሚማረው። ማመልከቻህ ላይ ግን ድሬነትህን በር ላይ ተወው። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የአብዬን ሙቀት፣ የእናትህን እንቅልፍ፣ የእኩዮችህን ዕድገት አታስገባበት። እንዲህ ያለ ይሁን፦

«ጉዳዩ፦ የማዕረግ ቀን እርማትን ይመለከታል። እኔ (ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ መለያ ቁጥር) በቁጥር … በቀን … በተጻፈ ትዕዛዝ ከኅዳር 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ተሰጥቶኛል። በግል ማህደሬና በመረጃ ሥርዓቱ ላይ ግን ቀኑ ጥቅምት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ተብሎ ተመዝግቧል። ልዩነቱ ቀኑ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲለወጥ በ7 ፈንታ 8 ዓመት በመደመሩ የመጣ ሊሆን እንደሚችል በአባሪው ስሌት አሳይቻለሁ። ስለዚህ የተመዘገበው ቀን ከትዕዛዙ ጋር ተመሳክሮ እንዲታረምልኝ፣ የእርማቱም ደብዳቤ ግልባጭ ለግል ማህደሬና ለደመወዝ ክፍል እንዲደርስ እንዲታዘዝልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። አባሪ፦ የማዕረግ ደብዳቤ ኮፒ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የቀን ስሌት።»

«ሊሆን እንደሚችል» የምትለውን እንዳትሰርዛት። ስህተቱ የት እንደገባ አንተ አላየህም፤ ያየኸው ውጤቱን ነው። እርግጠኛ ሆነህ «እከሌ ተሳሳተ» ካልክ እከሌ ራሱን ለመከላከል ይነሣል። የአዋጅ አንቀጽ መደርደርም አያስፈልግም። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል፤ አንተም ብታነበው ስለ መብትና ግዴታህ ትማራለህ። ነገር ግን በአንቀጽ የተሞላ ማመልከቻ የሕግ ክፍል አስተያየት ይጠየቅበታል፤ አንተ የምትፈልገው ደግሞ ሁለት ወረቀት የሚያመሳክር ሰው ነው።

ማመልከቻው የሚገባው በዕዝ ሰንሰለቱ ነው። ከቅርብ አዛዥህ ጀምር። ወረቀቱን ከመስጠትህ በፊት በቃል ንገረው፤ አዛዥ ስለ ወታደሩ ጉዳይ ከወረቀት ላይ ሲያውቅ ደስ አይለውም። «ጌታዬ፣ የማዕረግ ቀኔ በመዝገብ ላይ ተሳስቶ አግኝቻለሁ፤ ለሰው ሀብት እንዲመራልኝ ማመልከቻ ላቀርብ ነው» ማለት በቂ ነው። ከልምዴ እንደማውቀው፣ እንዲህ ያለውን ነገር አዛዥ አይጠላም። ፊርማው ምንም አያስከፍለውም፤ ወታደሩም ደስ ይለዋል። የሚጠላው ተዘልሎ ከላይ ሲጠየቅ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅ። አንዱ ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈህ ትይዛለህ። ያለ ገቢ ቁጥር የገባ ወረቀት አልገባም ብለህ ቁጠረው፤ በኋላ «የት አለ?» ስትል የምትጠቅሰው ነገር አይኖርህም። ከተመራ በኋላም ወደ ማን እንደተመራ ጠይቀህ በኮፒህ ጀርባ ጻፍ። ጉዳዩ ወደ በላይ ክፍል የሚሄድ ከሆነ የላኪውን ደብዳቤ ቁጥር ያዝ። ሐረር ለክትትል ስትሄድ በስምህ ከምትጠይቅ በደብዳቤው ቁጥር ብትጠይቅ ቶሎ ይገኝልሃል፤ የደንገጎን ዳገት የምትወጣ የምትወርድበትን ትራንስፖርት ታተርፋለህ።

«አይቻልም» ከተባልክ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል የተሰጠ እምቢታ ወደ ላይ አይወጣም። የተጻፈውን እምቢታና የመጀመሪያውን ማመልከቻህን ይዘህ፣ አሁንም በሰንሰለቱ፣ ወደሚቀጥለው እርከን ታቀርባለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስህተቱ የገባው በተልዕኮው ስም ዝርዝር ላይ ከሆነ አንተን ብቻ አይደለም የነካው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማዕረግ የተሰጣቸው የዚያ ዝርዝር ሰዎች ሁሉ ቀናቸው ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። በጥር ወይም በግንቦት የተሰጣቸው ደግሞ ምንም አይሆኑም፤ 8 ለእነሱ ትክክል ነውና። ይህን ለሰው ሀብቱ ኃላፊ በቃል ብትነግረው ይጠቅመዋል። ነገር ግን ሰው ሰብስበህ በጋራ አታስፈርም። በሠራዊት ውስጥ የቡድን ፊርማ እርማት አይመስልም፤ እንቢተኝነት ይመስላል። እያንዳንዱ የራሱን ወረቀት ይዞ በራሱ ስም ያመልክት።

ቀኑ ከታረመ በኋላ ያለፈህ የዕድገት ዙር እንዴት ይታያል የሚለው ሁለተኛው ጥያቄህ ነው። ያን ጊዜ የተከለከልከው በተሳሳተ ቀን መሆኑን የሚያሳይ የእርማት ደብዳቤ በእጅህ ይኖራል፤ እሱን አያይዘህ «በታረመው ቀን መሠረት ጉዳዬ እንዲታይልኝ» ብለህ ለብቻው ታቀርባለህ። ይሰጥሃል ብዬ ቃል አልገባልህም። ማዕረግ በቆይታ ብቻ አይሰጥም፤ የሥራ አፈጻጸም፣ ሥነ ምግባር፣ ክፍት ቦታም ይታያል። ቆይታው ግን ከእንግዲህ መሰናክል አይሆንብህም። የእርማት ደብዳቤው ወጣ ብለህም አትቀመጥ፤ ማህደርህ ላይ፣ ሲስተሙ ላይና በክፍሉ የቀዳሚነት ዝርዝር ላይ ቀኑ መለወጡን በዓይንህ እይ። አንዱ ጋ ታርሞ ሌላው ጋ የቀረ ቀን በሚቀጥለው ዙር እንደገና ብቅ ይላል።

ለባለቤትህ ይህን ንገራት። እህቴ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ደግ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእጃችሁ ያለው ጉዳይ በወረቀት የሚረታ ነው። በሰው በኩል ከሄደ ከላይ ስልክ ይደወላል፤ ከታች ያለው አዛዥ ለምን ተዘለልኩ ይላል፤ ንጹሕ የነበረው እርማት «በዘመድ የተሠራ» ይባልና ነገ ኦዲት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የባልሽ ፋይል ይሆናል። ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ አስፈጻሚ ካለ ደግሞ ስልኩን ዝጊው።

እናትህን ግን ዛሬውኑ አረጋጋት። የጡረታ አገልግሎት ዘመንህ የሚቆጠረው ከተቀጠርክበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ሃምሳ አለቃ የሆንክበት ቀን በዓመት ቢገፋም ከአገልግሎትህ አንድ ቀን አይቀንስም። ጡረታን የሚነካው በሌላ በኩል ነው። አበሉ የሚሰላው ከጡረታ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ዛሬ የዘገየ ማዕረግ ቀጣዩን እያዘገየ ከሄደ በዚያን ጊዜ ደመወዝህ ዝቅ ብሎ ሊያገኝህ ይችላል። ይህ የሩቅ ነገር ነው፤ አሁን ከታረመ አይደርስም። ደብዳቤውን በሳጥን ጠብቃ ያቆየችውም እሷ ናት፤ ሌላው ቢቀር ለዚህ ምርቃቷን ተቀበል።

የቀረው ወዳጅህ ነው። በእኩል ማዕረግ መካከል ቀዳሚነትን የሚወስነው ቀን ስለሆነ ያንተ ቀን ሲመለስ የእሱ ቦታ በአንድ ይወርዳል፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ማዕረጉ አይነካም፣ ደመወዙ አይነካም፣ ቀኑም የራሱ እንደሆነ ይቀራል። ማመልከቻውን ከማስገባትህ በፊት ራስህ ንገረው። ከጸሐፊው አፍ ከሰማው ከጀርባው የሠራህበት ይመስለዋል። ሻይ ጋብዘውና ሁለቱን ቀኖችና ስሌቱን አሳየው። እሱም አንድ ጊዜ በተልዕኮ ወጥቶ ከነበረ የራሱን ማህደር አስወጥቶ እንዲያይ ምከረው።